የውበት መጠበቂያ ቆዳን ሲያስቆጣ፦ የሸማቹ የመመለስ መብትና የጤና ባለሙያው ማስረጃ

አዲስ የገዙት ክሬም ፊታቸውን አሳብጦና አሳክኮ ወደ ጤና ተቋም ለሚመጡ ታካሚዎች ከምንሰጠው ምክር ሁሉ የተለመደው «ቅባቱን ይጣሉት» የሚለው ነው። የምክሩ ግማሽ ትክክል ነው፤ ምርቱን መጠቀም ወዲያውኑ መቆም አለበት። ሌላው ግማሽ ግን ታካሚውን ይጎዳል። ዕቃው ከተጣለ ታካሚው ገንዘቡን የሚጠይቅበት፣ ሐኪሙ የጉዳቱን መንስኤ የሚያጣራበት፣ ተቆጣጣሪውም ምርቱን ከገበያ የሚያነሳበት ማስረጃ አብሮ ይጣላል። ስለሆነም ምክሩ «መጠቀሙን ያቁሙ፤ ዕቃውን ግን ከነማሸጊያው ያስቀምጡት» በሚለው ቢተካ ይመረጣል።

ብዙዎቻችን የሸማቾችን ሕግ የነጋዴና የጠበቃ ጉዳይ አድርገን እንተወዋለን። ይሁን እንጂ በቆዳ ላይ በደረሰ ጉዳት ክርክር በተነሳ ጊዜ ሻጩም ሆነ ዳኛው የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ጉዳቱን ያመጣው ይህ ምርት ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሰጥ የሚችለው በመጀመሪያው ቀን ታካሚውን ያየው የጤና ባለሙያ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ሕጉ ስለ መመለስ የሚለውን በአጭሩ ካሳየ በኋላ ከሙያችን ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በስፋት ይቆያል።

ሕጉ የሚለው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበትና ለተለመደው አገልግሎት የሚውል ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን አድርጓል። ገዢው በበኩሉ ዕቃውን መመርመርና ጉድለት ባገኘ ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። በዚሁ ሕግ ቁጥር 2085 መሠረት ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ አምራች፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታይ የሚችል ከነበረ ግን ይህ ኃላፊነት ይቀራል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሣ ጥያቄ የሚቀርብበት ጊዜ በቁጥር 2143 በሁለት ዓመት ተወስኗል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ይበልጥ ቅርብ የሆነ መንገድ ከፈተ። ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በአክብሮት የመስተናገድ፣ በግብይቱ ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብቶችን ዘርዝሯል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችልም ደነገገ። አዋጁን ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላት እንደገና ሲደራጁ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላልፏል። በክልልና በወረዳ ደረጃ ግን ታካሚው በቀላሉ የሚደርስበት በር የአካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው።

የምርቱን ደኅንነት የሚመለከተው ጉዳይ በሌላ በር ይገባል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችንም በቁጥጥር ሥር አስገብቷል፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። እንግዲህ ሁለት በሮች አሉ ማለት ነው፤ አንዱ ለገንዘቡ፣ ሌላው ለምርቱ። ታካሚው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ማሰብ የእኛ ሥራ ነው።

በየሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይታያል። ታካሚዎችም እንደ ሕግ ይቀበሉታል። ጽሑፉ ሐሳቡን ለቀየረ ገዢ፣ ለምሳሌ የሽቶው ጠረን ላልተስማማው ሰው፣ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ጉድለት ላለበት ዕቃ በአዋጅ የተሰጠውን መብት ግን በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይሽረውም። «ተከፍቷልና ለንጽሕና ሲባል አንቀበልም» የሚለውም መልስ እንደዚሁ ነው። አንድ ክሬም ቆዳ ማስቆጣቱ ሊታወቅ የሚችለው ተከፍቶ ከተቀባ በኋላ ነውና ሳይከፈት ካልሆነ አይመለስም ማለት ፈጽሞ አይመለስም እንደማለት ይቆጠራል። በአውሮፓ ኅብረት በርቀት በሚደረግ ሽያጭ ለንጽሕና ሲባል የታሸገ ዕቃ ከተከፈተ በኋላ እንዳይመለስ የሚፈቅድ ድንጋጌ አለ። እርሱም ቢሆን የሚሠራው ሐሳቡን ለቀየረ ገዢ እንጂ ለጉድለት አይደለም።

መቆጣት ሁሉ ጉድለት አይደለም

ከታካሚው ጎን መቆማችን እውነቱን ከመናገር ሊያግደን አይገባም። ቆዳ ተቆጣ ማለት ምርቱ ጉድለት አለበት ማለት አይደለም። በትክክል የተሠራ፣ ይዘቱ የተጻፈበት፣ ጊዜው ያላለፈበት ክሬም በአንድ ሰው ላይ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ ኦቾሎኒ ለአንዱ ምግብ ለሌላው መርዝ እንደሚሆነው ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሻጩ በበጎ ፈቃዱ ይለውጥ ይሆናል እንጂ በሕግ ማስገደዱ ይከብዳል።

በንክኪ ከሚመጣው የቆዳ ብግነት አብዛኛው፣ በተለምዶ ሲነገር እስከ 80 በመቶው፣ አለርጂ ሳይሆን በቀጥታ ከመቆጣት የሚመጣ ነው። ይህኛው የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት ቀድሞ መዘጋጀት አይጠይቅም። ምርቱ ኃይለኛ ከሆነ ወይም ቆይታው ከረዘመ ማንንም ሰው ሊያስቆጣ ይችላል። በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ የሚጀምር ማቃጠልና መለብለብ፣ ምርቱ በነካበት ወሰን ላይ ብቻ የተወሰነ መላጥና መሰንጠቅ ምልክቶቹ ናቸው። አለርጂው ግን ዘግይቶ ይመጣል። ቀድሞ በተቀሰቀሰ ሰው ላይ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ ማሳከኩ ይበረታል፤ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እባጮች ይወጣሉ፤ ምርቱ ከነካው ቦታም አልፎ ይስፋፋል።

ይህ ልዩነት ለሸማቹ መብት ቀጥተኛ ትርጉም አለው። አንድ የፊት ክሬም የተጠቀሙበትን ሦስት የቤተሰብ አባላት በአንድ ሰዓት ውስጥ ካቃጠለ የጠረጠርነው ነገር ምርቱ ውስጥ ነው፤ ተበላሽቷል፣ ተመሳስሎ የተሠራ ነው፣ ወይም መግባት የሌለበት ነገር ገብቶበታል። አሥር ሰዎች በሰላም ከሚቀቡት ሎሽን አንዱ ብቻ ከሁለት ቀን በኋላ ካሳከከው ደግሞ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የዚያን ሰው አለርጂ ነው። ስለዚህ «ሌላ የተጠቀመ ሰው አለ? እርሱስ ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ከታካሚው ታሪክ መቅረት የለበትም። በካርድ ላይ ተጽፎ የማየው ግን ከስንት አንዴ ነው።

አለርጂ በሆነ ጊዜም ቢሆን የመረጃ መብት ጉዳይ ይቀራል። የፀጉር ቀለም አምራቾች ቀለሙን ከመቀባት 48 ሰዓት አስቀድሞ በትንሽ ቦታ ላይ መሞከር እንደሚገባ በማሸጊያው ላይ ይጽፋሉ። ይህ ማስጠንቀቂያ ገዢው በማያነበው ቋንቋ ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ ወይም ማሸጊያው ተጥሎ ጠርሙሱ ብቻውን ተሸጦ ከሆነ፣ ወይም ቅባቱ ከትልቅ ዕቃ ወደ ትንሽ ብልቃጥ ተገልብጦ ያለ አንዳች ጽሑፍ ቀርቦ ከሆነ፣ ሸማቹ በቂ መረጃ አግኝቶ ገዝቷል ለማለት አይቻልም። ምርቱ በራሱ እንከን ባይኖረው እንኳ ሽያጩ እንከን አለበት።

አሥራ አምስቱ ቀን ከቆዳው ሰዓት ጋር

በሕጉ የቀን አቆጣጠርና በቆዳው የቀን አቆጣጠር መካከል ብዙም ያልተስተዋለ አለመጣጣም አለ። አንድ ሰው ለማያውቀው ንጥረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋለጥ የሰውነቱ የመከላከል ሥርዓት አለርጂውን ለማሰናዳት በትንሹ ከ10 እስከ 14 ቀናት ይወስድበታል፤ ብዙውን ጊዜም ከዚያ በላይ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቆዳው ምንም አይታይበትም። ይህም ማለት በመስከረም 1 ቀን ክሬም ገዝተው በየዕለቱ የተቀቡ ሰው የመጀመሪያው ማሳከክ የሚጀምራቸው የ15ቱ ቀን ገደብ ሊያልቅ ሲል ወይም ካለቀ በኋላ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ሲጠቀሙበት በኖሩት ምርት ላይ አለርጂ የሚይዛቸውም አሉ።

ከዚህ የምንማረው ተግባራዊ ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ታካሚው የገዛበትን ቀን መጠየቅና መመዝገብ ያስፈልጋል፤ መጠቀም የጀመረበትን ቀን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ሁለተኛ፣ ማስረጃው በመጀመሪያው ቀን መጻፍ አለበት። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እስኪደርስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። የአለርጂ መለያ የሆነው የፓች ምርመራ ራሱ ለ48 ሰዓት ተለጥፎ ይቆይና በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን ይነበባል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ብግነቱ መብረድ አለበት። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ የጠበቀ ታካሚ ሱቅ ሲደርስ «ቀኑ አልፏል» ይባላል። ገደቡ ካለፈ በኋላም በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ካሣ መጠየቅ አይከለከልም፤ ነገር ግን ለአንድ ብልቃጥ ክሬም ፍርድ ቤት የሚመላለስ ማን ነው?

የፓች ምርመራ በማይገኝበት ቦታ ታጥበው ለማይወገዱ ምርቶች፣ ማለትም ለክሬምና ለሎሽን፣ ቀላል ፈተና አለ። ብግነቱ ከበረደ በኋላ ጥቂቱን ምርት በክርን እጥፋት ውስጥ በቀን ሁለት ጊዜ ቢያንስ ለ7 ቀናት መቀባት ነው። ቦታው ከተቆጣ ፈተናው ይቆማል። ይህ ለሳሙና፣ ለሻምፑ፣ ለፀጉር ቀለምና ለፀጉር ማለስለሻ ፈጽሞ አይደረግም፤ ከባድ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሜርኩሪ አለበት ተብሎ በተጠረጠረ ምርትም አይሞከርም።

ሸማቹ ሊመልሳቸው የማይፈልጋቸው ምርቶች

እስካሁን የተነገረው ምርቱ ጎዳኝ ብሎ ለመጣ ታካሚ ነው። እጅግ አደገኛ የሆኑት ምርቶች ግን ተጠቃሚው የሚያመሰግናቸው ናቸው። ፊት የሚያቀሉ ክሬሞችን ማለቴ ነው።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ በውስጣቸው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባሉ ስቴሮይዶች አሉባቸው። ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ በኃይለኝነቱ የሚታወቅ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ፣ በሳምንት ከ50 ግራም እንዳይበልጥና ያለ ክትትል ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳይቆይ የሚመከር መድኃኒት ነው። እንዲህ ያለው ክሬም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብጉሩን ያደርቃል፣ ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ፊትን ያፈካል። ጉዳቱ የሚመጣው ኋላ ነው፤ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ በአፍ ዙሪያ ሽፍታ ይበዛል፣ የፈንገስ ሕመም መልኩን ቀይሮ ይስፋፋል። ተጠቃሚዋ ባቆሙት ጊዜ ፊታቸው ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያብጣል። በዚህ ጊዜ የሚደርሱበት መደምደሚያ «ክሬሙን ስተው ታመምኩ» የሚል ነውና ሱቅ የሚመለሱት ሌላ ብልቃጥ ለመግዛት ነው። የመመለስ መብት ያላቸው መሆኑን የሚነግራቸው እኛ ካልሆንን ማንም የለም።

እዚህ ላይ የሕጉ መልክም ይለወጣል። ስቴሮይድ ያለበት ክሬም የውበት መጠበቂያ ተብሎ መሸጡ የጥራት ጉድለት ብቻ ሳይሆን መድኃኒትን ያለ ፈቃድ መሸጥ ነው። ስለሆነም ያደረሰው ጉዳት እንደ መድኃኒት ጉዳት መታየት አለበት፤ ለመድኃኒት ጎጂ ውጤት በምንጠቀምበት ቢጫ ቅጽ ላይ ሞልቶ ለባለሥልጣኑ መላክ ይቻላል፤ ነፃ የስልክ መስመሩም 8482 ነው።

ሃይድሮኪኖን ሌላው ነው። በረጅም ጊዜ አጠቃቀም ኦክሮኖሲስ የተባለውን፣ ለማስለቀቅ እጅግ የሚያስቸግር ሰማያዊ ጥቁረት ያመጣል፤ ቆዳን ለማንጣት የተገዛው ክሬም ቆዳን ያጠቁራል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ ማንጫ የውበት መጠበቂያዎች ውስጥ ያገደው ገና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ሜርኩሪ (ባዜቃ) ነው። የሚናማታ ስምምነት በሚሊዮን ከ1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የውበት መጠበቂያዎች እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ድረስ ከምርትና ከንግድ እንዲወጡ አስገደደ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የተካሄደው የአባል አገሮች ጉባኤ ደግሞ ይህችን የ1 እጅ ጣሪያ አንስቶ ከ2025 ጀምሮ ሜርኩሪ የተጨመረበት ማንኛውም የውበት መጠበቂያ እንዲቀር ወሰነ። ሜርኩሪ በቆዳ ውስጥ አልፎ ኩላሊትን ይጎዳል። ፊቷን የሚያቀላ ክሬም የምትጠቀም ወጣት እግሯ አብጦ፣ ሽንቷ ፕሮቲን በዝቶበት ከመጣች ክሬሙን አምጪ ማለት ከምርመራው አንዱ ክፍል ነው። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእንቅልፍ ማጣትና የጠባይ መለዋወጥም ይታያሉ። ክሬሙን የምትቀባ እናት የምታቅፈው ሕፃን ሳይቀባ ሊጋለጥ ይችላል። በማሸጊያው ላይ ካሎሜል፣ መርኩሪክ ወይም መርኩሪየስ ክሎራይድ የሚሉ ስሞች ሊገኙ ይችላሉ። ስሙ ባይጻፍ እንኳ «ከወርቅ፣ ከብር ወይም ከአልሙኒየም ጌጥ ጋር እንዳይነካካ» የሚል ማሳሰቢያ ያለበትን ክሬም መጠርጠር ይገባል፤ ሜርኩሪ እነዚህን ብረቶች ያበላሻልና።

በፀጉር ቤት ለደረሰ ጉዳት

ፀጉር ማለስለሻዎች ከጠንካራ አልካላይ የሚሠሩ ሲሆን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለባቸው ከመጠን በላይ ከቆዩ ወይም የተላጠ ቆዳ ካገኙ ያቃጥላሉ። ይህ ቃጠሎ እንጂ አለርጂ አይደለም፤ ካርዱ ላይም «የኬሚካል ቃጠሎ» ተብሎ መጻፍ አለበት። «አለርጂ» ብለን ከጻፍን ጥፋቱን ከሠራተኛዋ ወይም ከምርቱ ወደ ታካሚዋ ቆዳ አዛውረነዋል።

የፀጉር ቀለምና «ጥቁር ሂና» የሚባለው ደግሞ ፓራ-ፌኒሊን-ዳያሚን የተባለውን ኬሚካል ይይዛሉ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መጠኑ በፀጉር ላይ በሚቀባበት ጊዜ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ለቆዳ ማስዋቢያ ግን አይፈቀድም። ከቅጠል የሚዘጋጀው የቆየው ሂና አለርጂ የሚያስነሳው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ለሠርግ ቶሎ እንዲጠቁር ኬሚካሉ የተጨመረበት ግን እጅን አቁስሎ ጠባሳ ከመተው አልፎ ሙሽራዋን ዕድሜ ልኳን ለፀጉር ቀለም አለርጂ ያዘጋጃታል፤ ከአንዳንድ ማደንዘዣዎችና ከሰልፋ መድኃኒቶች ጋርም ሊያስቆጣት ይችላል። በፀጉር ቀለም አለርጂ የራስ ቆዳ ብዙም ሳይነካ የዓይን ቆብ፣ ጆሮና ግንባር የሚያብጡበት ጊዜ ስላለ «ዓይኔን አመመኝ» ብላ የመጣችውን ታካሚ ስለ ፀጉሯ መጠየቅ አይረሳ።

በፀጉር ቤት የተሠራ ሥራ አገልግሎት ስለሆነ ታካሚዋ ዕቃውን ላያውቁት ይችላሉ። በዚያው ዕለት ተመልሰው የተቀቡትን ምርት ስም፣ ከተቻለም የማሸጊያውን ፎቶግራፍ እንዲያገኙ መምከር ይገባል። ከሳምንት በኋላ ጠርሙሱ አልቆ ይጣላል።

ማስረጃው እንዴት ይጻፍ

የሐኪም ማስረጃ ሁለት ዓይነት ስሕተት ያጋጥመዋል፤ አንዱ ማነስ፣ ሌላው መብዛት ነው። «የቆዳ አለርጂ፣ ሕክምና ተሰጥቷል» የሚል ወረቀት ለማንም አይጠቅምም። «ክሬሙ መርዛማ ነው» የሚል ደግሞ ያለ ላቦራቶሪ ሊባል የማይችል በመሆኑ ሻጩ በቀላሉ ይጥለዋል። ልክ የሆነው ያየነውንና የተነገረንን ለይቶ፣ የጊዜውን ቅደም ተከተል በቀን አስቀምጦ፣ ግምታችንን በልኩ የገለጸ ነው። ለምሳሌ ያህል፦

«ታካሚዋ በ… ቀን የገዙትን … የተባለ የፊት ክሬም፣ የምርት መለያ ቁጥር …፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን …፣ ከ… ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ መቀባታቸውንና በ… ቀን ማሳከክና እብጠት እንደጀመራቸው ገልጸዋል። ቀደም ሲል ተመሳሳይ ሕመም እንዳልነበራቸው፣ በዚሁ ጊዜ ሌላ አዲስ ምርት ወይም መድኃኒት እንዳልተጠቀሙ ተናግረዋል። ዛሬ በተደረገው ምርመራ በሁለቱም ጉንጮችና በዓይን ቆቦች ላይ እብጠትና ውሃ የቋጠሩ እባጮች ታይተዋል። ማሸጊያውን አይቻለሁ። ሁኔታው በምርቱ ንክኪ ከመጣ የቆዳ ብግነት ጋር የሚስማማ ነው። ምርቱን መጠቀም እንዲያቆሙ ተነግሯቸዋል።»

ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ምርቱን ካቆሙ ወዲህ መሻሻል አለመሻሻሉ በዚሁ ላይ ይጨመራል፤ ይህች አንዲት መስመር ከሌላው ሁሉ የበለጠ ክብደት አላት።

መጻሕፍቱ «መቅላት»ን የብግነት ዋና ምልክት ያደርጉታል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ብግነት ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ወደ ሐምራዊ፣ ወደ ግራጫ ወይም ይበልጥ ወደ ጥቁር ያደላል። መቅላት አላየሁም ብሎ «ጉልህ ምልክት የለም» የሚል ሐኪም የታካሚውን ማስረጃ በገዛ እጁ ይሰርዛል። የሚታየው ቀለም እንዳለ ይጻፍ፤ በእጅ ዳስሶ ሙቀቱ፣ እብጠቱና ሻካራነቱ ይመዝገብ። ብግነቱ ካለፈ በኋላ ለወራት የሚቆየው ጥቁረትም የጉዳቱ ክፍል መሆኑ ይገለጽ፤ ታካሚዋን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝናቸው እርሱ ነውና። በታካሚው ስልክ በቀን ብርሃን የተነሳ ፎቶግራፍ ጥሩ ረዳት ነው። ወረቀቱና ፎቶግራፉ ለታካሚው ይሰጣሉ፤ ስልክ ደውሎ ለሚጠይቅ ባለ ሱቅ አይሰጡም።

መመለስ ወይስ ማስቀመጥ

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ እንመጣለን። ዕቃውን መመለስ ማለት ማስረጃውን ለሻጩ ማስረከብ ነው። ገንዘቡ ይመለስ ይሆናል፤ ብልቃጡ ግን ተጠርጎ ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ሊወጣ፣ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ቀላል ማሳከክ ባስከተለና ሕጋዊ ጽሑፍ ባለው ምርት ላይ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ ታካሚው ማሸጊያውን በፊትና በኋላ፣ ከሥሩም ፎቶግራፍ አንስቶ ከደረሰኙ ቅጂ ጋር ካስቀረ በኋላ ቢመልሰው ይሻላል። የይዘት ዝርዝሩ ብዙውን ጊዜ በካርቶኑ ላይ እንጂ በብልቃጡ ላይ ስለማይገኝ ካርቶኑም አይጣል።

ቃጠሎ፣ የዓይን ጉዳት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም ሆስፒታል መተኛት ካለ፣ ወይም ስቴሮይድና ሜርኩሪ ከተጠረጠረ፣ በእኔ አስተያየት ዕቃው ወደ ሱቅ መመለስ የለበትም። ተከድኖ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ከሕፃናት ርቆ ተቀምጦ በቅድሚያ ለምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ይቅረብ። ታካሚው የጥቂት መቶ ብር ጥያቄውን ለጊዜው ቢያዘገይ በሌሎች ገዢዎች ላይ የሚደርሰውን ያስቀራል፤ ይህንን ግን እንደ ግዴታ ልንጭንበት አንችልም፤ አስረድተን ምርጫውን ለእርሱ እንተዋለን። ቀኑ እንዳያልፍበትም ዕቃውን ሳያስረክብ ቅሬታውን በጽሑፍ ለሻጩ አስታውቆ ቅጂውን መያዝ ይችላል።

ደረሰኝ የሌላቸው ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ያለ ደረሰኝ የሚሸጠው ነጋዴ ራሱ ግዴታውን ያልፈጸመ በመሆኑ ታካሚው ደረሰኝ የለኝም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባውም፤ የባንክ ወይም የሞባይል ክፍያ መልእክት፣ አብሮት የነበረ ሰው ምስክርነት ይረዳዋል። ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የመጣ ምርት ከሆነ ደግሞ መብቱ የሚጠየቀው በተገዛበት አገር፣ በገዛው ሰው ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀናት ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ ለመውሰድ ይፈቅዳል። የላኩት እህት ወይም ወንድም የኛን የሐኪም ማስረጃ በፎቶግራፍ ቢላክላቸው ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ስለዚህ እንዲህ ላለው ታካሚ የምርቱን ስምና የምርት መለያ ቁጥር በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው በዚያው ፊደል መገልበጥ ያስፈልጋል።